ለካንሰር ቀዶ ሕክምና ቀጠሮ የተያዘለትን ሰው ማዘጋጀት፤ ምግብና አእምሮ በአንድ እቅድ

የቀዶ ሕክምና ቀን ከተቆረጠ በኋላ ያለው ጊዜ በብዙ ቤት በሩጫ ያልፋል። የምርመራ ውጤት ይሰበሰባል፣ ደም የሚለግስ ዘመድ ይፈለጋል፣ ገንዘብ ይሟላል፣ ከክፍለ ሀገር ለሚመጣው ማረፊያ ይዘጋጃል። በዚህ መሀል ታማሚው በየሳምንቱ ይከሳል፤ ንግግሩም እያጠረ ይሄዳል። ቤተሰቡ መክሳቱን በካንሰሩ፣ ዝምታውን በሐዘኑ ያሳብብና ሁለቱንም ቀዶ ሕክምናው እስኪያልፍ ያቆያቸዋል። ብዙ ጉዳት የሚመጣው ከዚህ ነው።

መክሳትና የመንፈስ መውደቅ አንዱ ሌላውን ይጎትታል። እ.ኤ.አ. በ1944 እና 1945 በአሜሪካ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ 36 ጤነኛ ወጣት ወንዶች በፈቃዳቸው ለስድስት ወር ምግባቸው ተቀንሶ ተጠንተው ነበር። ሌላ ሕመም ሳይኖርባቸው ብዙዎቹ ድብርት ያዛቸው፣ ቁጡ ሆኑ፣ ከሰው መሸሽ ጀመሩ። ያዘነ ሰው ደግሞ በተራው አይርበውም፤ ገበታው ፊት ተቀምጦ ሁለት ጉርሻ ቀምሶ እጁን ይታጠባል። ቀዶ ሕክምናው ላይ ሁለቱም ዋጋ ያስከፍላሉ። ፕሮቲን ያነሰው ሰውነት ቁስሉ ቶሎ አይገጥምም፣ ለምርቀዛና ለሳንባ ምች ይጋለጣል። ተስፋ የቆረጠ ሰው ከአልጋ መነሳትና በጥልቀት መተንፈስ እያቃተው ማገገሙ ይጓተታል።

ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል ቀጠሮው በተያዘበት ቀን ይጀመራል። አራት ሳምንት ካለ ጥሩ ነው፤ ሁለት ሳምንት ብቻ ቢቀርም ይጠቅማል። የተጻፈው ለአስታማሚዎች ሲሆን መጠኖቹ ለአዋቂ ሰው ናቸው። ስኳር፣ የኩላሊት፣ የጉበት ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው መጠኑን ከሐኪሙ ጋር ያስተካክል።

1. በመጀመሪያው ቀን መለካት

ሚዛን ቤት ውስጥ ከሌለ ጤና ጣቢያ ወይም ፋርማሲ ሂዱ። ታማሚው ጠዋት፣ ምግብ ሳይቀምስ፣ ሽንት ከሸና በኋላ፣ ጫማና ጋቢ አውልቆ ይመዘን። ከዚያ በኋላ በሳምንት አንድ ቀን በዚያው ሚዛን ይመዘንና ቁጥሩ በአንድ ደብተር ላይ ይጻፍ። ደብተሩ በየቀጠሮው ከታማሚው ጋር ይሂድ።

የቀነሰውን በመቶኛ አስሉት። ከስድስት ወር በፊት 62 ኪሎ የነበረ ሰው ዛሬ 54 ከሆነ 8 ኪሎ አጥቷል፤ 8 ለ62 ሲካፈል በ100 ሲባዛ ወደ 13 ከመቶ ይመጣል። ከ5 ከመቶ በላይ የቀነሰ ሰው የምግብ እቅድ ያስፈልገዋል። ከ10 ከመቶ በላይ ከቀነሰ፣ ወይም ክብደቱ በኪሎ በቁመቱ በሜትር ሁለት ጊዜ ተካፍሎ ውጤቱ ከ18.5 በታች ከሆነ፣ ለቀዶ ሐኪሙ ከቀጠሮው አስቀድሞ መነገር አለበት። የአውሮፓ የክሊኒካል ሥነ ምግብ ማኅበር መመሪያ እንዲህ ላለ በጣም ለተጎዳ ሰው ካንሰርም ቢሆን ቀዶ ሕክምናውን ከ7 እስከ 14 ቀን አዘግይቶ በምግብ ማገገም እንደሚሻል ይመክራል። ቤተሰብ ይህን ለመጠየቅ ይፈራል፤ ወረፋው ያመልጣል ብሎ ያስባል። ጥያቄው ቶሎ ከተነሳ ግን የወረፋው ጊዜ ራሱ የማገገሚያ ጊዜ ይሆናል።

የድሮ ኪሎው የማይታወቅ ከሆነ ሌላ ምልክት ይፈለግ፦ ቀበቶው ስንት ቀዳዳ ገባ፣ ቀለበቱ ይወልቃል ወይ፣ ሱሪው ይንሸራተታል ወይ። በልብስ ስፌት ሜትር የግራ ክንድ፣ በትከሻና በክርን መካከል ያለው ቦታ፣ እጁ ዘና ብሎ ተንጠልጥሎ ይለካ። ከ23.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ሰውየው ከሚገባው በታች ሊመዝን እንደሚችል ያሳያል፤ ከ21 በታች ከሆነ ሳይውል ሳያድር ለሐኪም ይነገር። አንድ ጥንቃቄ፦ ሆዱ ውኃ የቋጠረ ወይም እግሩ ያበጠ ሰው ሚዛን ላይ የከሳ አይመስልም። እንዲህ ሲሆን ክንዱን፣ ሰረሰሩን፣ የአንገቱን አጥንት ተመልከቱ።

የደም ምርመራ ወረቀት ላይ አልቡሚን (በደም ውስጥ ያለ ፕሮቲን) ከ30 ግራም በሊትር በታች ተብሎ ቢመጣ ቀዶ ሕክምናው አደጋው ከፍ እንደሚል ይጠቁማል። አልቡሚን ግን በሕመሙ በራሱና በኢንፌክሽንም ይወርዳል፤ እንቁላል ስላበላችሁ በሳምንት አይወጣም። ቁጥሩን ብቻ አይታችሁ ተስፋ አትቁረጡ፣ ቁጥሩ ደህና ነው ብላችሁም አትዘናጉ።

2. መብላት የከለከለውን ነገር ማግኘት

«ብላ» ከማለት በፊት ምን እንደከለከለው ይታወቅ። አልበላ ያለ ሰው ብዙ ጊዜ በሚታከም ነገር ተይዟል።

ሕመም (ስቃይ) ያለበት ሰው አይበላም። ማስታገሻው በሰዓቱ ይሰጥ፤ ሕመሙ እስኪመጣ መጠበቅ መጠኑን ያስበልጣል እንጂ አይቀንሰውም። ሞርፊን ወይም ትራማዶል የሚወስድ ሰው ሆዱ ይደርቃል፣ ሆዱ የደረቀ ሰው ምግብ ይገፋል። ስለዚህ ሞርፊን ሲታዘዝ የሆድ ማለስለሻም አብሮ እንዲታዘዝ ጠይቁ። ሦስት ቀን ሽንት ቤት ያልሄደ ሰው ላይ «የምግብ ፍላጎቱ ጠፋ» ብሎ ማዘን ቀላሉን ምክንያት ማለፍ ነው።

ማቅለሽለሽ ካለ ማስቆሚያው ከምግብ ግማሽ ሰዓት በፊት ቢሰጥ ይረዳል። የወጥ ሽታ የሚያስመልሰው ከሆነ ምግቡ ከሩቅ ይሠራ፣ ቀዝቀዝ ብሎ ይቅረብ፤ ትኩስ ምግብ ሽታው ይበረታል። አፉን በባትሪ ብርሃን እዩ። ነጭ ሽፋን ካለ ፈንገስ ሊሆን ስለሚችል መድኃኒት አለው። ለቆሰለ አፍ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨውና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በአንድ ብርጭቆ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ በጥብጦ በቀን አራት ጊዜ መጉመጥመጥና መትፋት ነው። በርበሬና ሚጥሚጣ እስኪሽር ይቅር።

መዋጥ ያቃተው ሰው ጉዳይ ይለያል። በአርሲና በባሌ የጉሮሮ ቧንቧ ካንሰር በብዛት ይታያል፤ ታማሚዎቹም ሆስፒታል የሚደርሱት ብዙ ጊዜ እንጀራ ቀርቶ አጥሚት መዋጥ ሲያቅታቸው ነው። እንጀራው ሲያንቅ ወደ ፍትፍት፣ ፍትፍቱ ሲያንቅ ወደ አጥሚት ይወረዳል። ሰውየው ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ይብላ፣ ከበላም በኋላ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት አይተኛ። ምራቁን መዋጥ ካቃተው ወይም ሲጠጣ ወደ ሳንባው እየገባ የሚያስለው ከሆነ በአፍ ለማብላት መታገል አደጋ ነው። በአፍንጫ ወይም በሆድ በኩል የምግብ ቱቦ ይጠየቅ። ቤተሰብ ቱቦን የመጨረሻው ምልክት አድርጎ ስለሚያየው ይሸሸዋል፤ እዚህ ላይ ቱቦው ለቀዶ ሕክምና የሚያደርስ ስንቅ ነው።

ሆዱ ተነፍቶ፣ እያስታወከ፣ ፈስም ሰገራም የቆመበት የአንጀት ካንሰር ታማሚ ምንም አይቅመስ፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይወሰድ።

3. መጠኑን ማስላትና ማብላት

ሒሳቡ ቀላል ነው። ለአንድ ኪሎ ክብደት በቀን ከ25 እስከ 30 ኪሎ ካሎሪ፣ ፕሮቲን ደግሞ ከ1.2 እስከ 1.5 ግራም። 54 ኪሎ የሚመዝን ሰው በቀን እስከ 1,600 ኪሎ ካሎሪና ከ65 እስከ 80 ግራም ፕሮቲን ያስፈልገዋል ማለት ነው። አብዛኛው ቤት ካሎሪውን በእንጀራና በዳቦ ይጠጋዋል፤ የሚጎድለው ፕሮቲኑ ነው።

በግምት ለመቁጠር እነዚህ ይበቃሉ፦ አንድ እንቁላል 6 ግራም፣ አንድ ብርጭቆ (250 ሚሊ ሊትር) ወተት 8፣ መቶ ግራም የበሰለ ሥጋ፣ ዶሮ ወይም ዓሣ 25 ገደማ፣ አንድ ሳህን (200 ግራም) የበሰለ ምስር 18፣ ከ50 ግራም የሽሮ ዱቄት የተሠራ ሽሮ 10፣ አንድ እፍኝ (30 ግራም) ለውዝ 7።

እዚህ ላይ የሚታየው ትልቁ መሳሳት መረቅ ነው። የአጥንት መረቅ ጉልበት ይሰጣል ተብሎ ታማሚው ቀኑን ሙሉ እሱን ሲጠጣ ይውላል። መረቅ አብዛኛው ውኃና ጨው ነው፤ ሆድ ሞልቶ ለእንቁላሉ ቦታ ያሳጣል። ሥጋው ራሱ ተፈጭቶ ወይም ተከትፎ በደንብ በስሎ በመረቁ ውስጥ ይግባ። የጭማቂና የለስላሳ ነገርም እንዲሁ ነው፤ ስኳር ይሰጣሉ፣ ሥጋ አይገነቡም። ሥጋና እንቁላል ቁስል ያመረቅዛሉ የሚለው ወሬም በተቃራኒው ነው የሚሠራው፤ ቁስል የሚገጥመው በፕሮቲን ነው። ካንሰሩ በስኳር ይመገባል ተብሎ ከሲታ ሰው ላይ ምግብ መቀነስም የሚጎዳው ታማሚውን ነው።

ሦስት ትልልቅ ገበታ ለታመመ ሰው አይሆንም። ስድስት ትንንሽ ይሁን፦ ጠዋት 1 ሰዓት ሁለት እንቁላል በዘይት ከዳቦ ጋር፣ 4 ሰዓት ከታች አሠራሩ ከተጻፈው ያበረታ አጥሚት ግማሹ፣ 7 ሰዓት ምስር ወይም ሽሮ ዘይት ጨመር ተደርጎ ከእንጀራ ጋር፣ 10 ሰዓት የቀረው አጥሚት፣ ማታ 1 ሰዓት 60 ግራም ያህል በደንብ የበሰለ ሥጋ ወይም ዶሮ፣ ከመኝታ በፊት አንድ ብርጭቆ ወተት። ከእንጀራውና ከዳቦው ውጭ ብቻ ይህ 75 ግራም ገደማ ፕሮቲን ነው። ውኃና ሻይ ከምግብ ጋር ሳይሆን በመሀል በመሀል ይጠጡ። ጥሬ ሥጋና ያልፈላ ወተት፣ በተለይ ኬሞቴራፒ የወሰደ ሰው፣ ጨርሶ አይቅመስ።

ያበረታው አጥሚት የሚሠራው እንዲህ ነው። ግማሽ ሊትር ወተት፣ 50 ግራም (ሰባት የሾርባ ማንኪያ ገደማ) የአጃ ዱቄት፣ 30 ግራም (አራት የሾርባ ማንኪያ) የዱቄት ወተት፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ቅቤ ወይም ዘይት። ዱቄቱን መጀመሪያ በአንድ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውኃ በጥብጡት፤ ፈልቶ ላለ ወተት በደረቁ ከጨመራችሁት ይጓጉላል። ወተቱ ሲፈላ የተበጠበጠውን እያማሰላችሁ ጨምሩና በዝግታ እሳት ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይንተክተክ። ካወረዳችሁት በኋላ ለብ ሲል የዱቄት ወተቱን በትንሽ ውኃ አሟሙታችሁ ጨምሩ፤ እሳት ላይ እያለ ከገባ ከታች ይይዛል፣ ያራል። ስኳሩና ቅቤው መጨረሻ ላይ ይገባሉ። ጠቅላላው 850 ኪሎ ካሎሪ ገደማና 30 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው። ሲወፍር በውኃ አታቅጥኑት፣ በወተት አቅጥኑት። ከእሳት ከወረደ ከሁለት ሰዓት በላይ ውጭ አይደር፤ ማቀዝቀዣ ከሌለ ግማሽ ግማሹን ሥሩ። ወተት ሆዱን የሚነፋው ሰው በእርጎ ይሞክር።

ለጾም፦ በ600 ሚሊ ሊትር ውኃ 50 ግራም የአጃ ዱቄት፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ተቆልቶ የተፈጨ የአኩሪ አተር ዱቄት፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ የለውዝ ቅቤ፣ ሁለት ስኳር፣ አንድ ዘይት። የአኩሪ አተሩ ዱቄት ከአጃው ጋር 15 ደቂቃ ሙሉ ይብሰል፤ ጥሬነቱ ካልለቀቀ ሆድ ያውካል። ወደ 750 ኪሎ ካሎሪና 24 ግራም ፕሮቲን ይሰጣል።

ከዚህ ሁሉ በፊት አንድ ማስጠንቀቂያ። ከ10 ቀን በላይ ምንም ያህል ያልበላ፣ ከ15 ከመቶ በላይ ክብደት ያጣ ወይም የቁመቱና የክብደቱ ስሌት ከ16 በታች የሆነ ሰው በአንድ ጊዜ በብዛት ቢመገብ ሊሞት ይችላል። ምግብ ሲገባ ኢንሱሊን ፎስፌትና ፖታሲየም የተባሉ ማዕድናትን ከደም ወደ ሴሎች ይስባቸዋል፤ በደም ውስጥ ሲያንሱ የልብ ምት ይዛባል፣ ትንፋሽ ይደክማል። እንዲህ ያለ ሰው ሆስፒታል ሆኖ፣ አስቀድሞ ቫይታሚን ቢ1 (ታያሚን) ተሰጥቶት፣ ደሙ እየተመረመረ፣ በኪሎ 10 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ተጀምሮ በቀናት ውስጥ ይጨመርለት። ለ40 ኪሎ ሰው ይህ በቀን ከላይ ካለው አጥሚት ግማሹ ብቻ ነው።

ደም ማነስ ካለ የብረት እንክብሉ ቶሎ ይጀመር፤ ሳምንታት ይፈልጋል። በብርቱካን ወይም በሎሚ ውኃ ይወሰድ፤ ቡና፣ ሻይና ወተት ቢያንስ አንድ ሁለት ሰዓት ይራቁት። ሰገራ ማጥቆሩ የተለመደ ነው።

ስለ ማብላት የመጨረሻ ነገር። ጉርሻ ፍቅር ነው፤ ለታመመ ሰው ግን «ለእኔ ስትል» እየተባለ የሚገባ ጉርሻ ገበታውን የክርክር ቦታ ያደርገዋል። ምግቡ ይቅረብ፣ አስታማሚው አብሮ ይብላ፣ 30 ደቂቃ ሲሞላ ያለ ወቀሳ ይነሳ፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ ሌላ ይቅረብ። የበላው በደብተሩ ይጻፍ፤ ስለበላው መጠን በታማሚው ፊት ከጠያቂ ጋር አይወራ።

4. አእምሮን መጠየቅ

ምግብ አለመፈለግ፣ ድካምና እንቅልፍ ማጣት ከካንሰሩም ከድብርቱም ሊመጡ ስለሚችሉ ብቻቸውን አይለዩም። ሌሎቹ ምልክቶች ላይ አተኩሩ፦ የሚወደው ነገር ማስደሰቱን ማቆም፣ ራሱን የቤቱ ሸክም አድርጎ ማየት፣ ስለ ነገ ምንም አለማቀድ፣ ልጆቹ ሲመጡ ፊቱን ወደ ግድግዳ ማዞር። ብዙ ሰው «አዝኛለሁ» አይልም። «ልቤን ይጨንቀኛል»፣ «ደረቴን ያቃጥለኛል»፣ «ራሴ ውስጥ ይሄዳል» ይላል። እነዚህን እንደ ሌላ ሕመም ብቻ አትስሙ።

በሳምንት አንድ ቀን፣ ብቻችሁን ስትሆኑ፣ ሁለት ጥያቄ ጠይቁ። ባለፉት ሁለት ሳምንታት ነገሮችን ለማድረግ ፍላጎት ወይም ደስታ ማጣት ምን ያህል አስቸገረህ? ጭንቀት፣ ሐዘን ወይም ተስፋ መቁረጥስ? ለእያንዳንዱ ምንም ካለ 0፣ ጥቂት ቀናት 1፣ ከግማሽ በላይ ቀናት 2፣ በየቀኑ ማለት ይቻላል ካለ 3። ድምሩ 3 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ዘጠኙ ጥያቄ ያለበት ሙሉ ቅጽ ይሞላለት፤ በአማርኛ አለ፣ በኢትዮጵያም ተሞክሯል። ይህ መጠይቅ ሐኪም ዘንድ ለመሄድ ምክንያት ይሰጣል፤ በሽታውን የሚወስነው ግን ባለሙያ ነው።

ከባዱን ጥያቄም አትለፉት። «መኖር አስጠልቶህ ራስህን ስለ መጉዳት አስበህ ታውቃለህ?» ብሎ በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልም፤ ብቻውን ተሸክሞት የነበረ ሰው ብዙ ጊዜ እፎይ ይላል። መልሱ አዎ ከሆነ ብቻውን አይተው፣ ፀረ ተባይ መርዝ፣ ገመድና የተጠራቀመ መድኃኒት ከቤት ይውጡ ወይም ይቆለፉ፣ በዚያው ቀን ባለሙያ ይየው። አዲስ አበባ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ፤ በሪፈራል ሆስፒታሎችም የሥነ አእምሮ ክፍሎች አሉ።

የድብርት መድኃኒት ቢታዘዝ ለውጥ የሚታየው ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ቆይቶ ነው፤ ቶሎ መጠየቅ ያስፈለገውም ለዚህ ነው። ቀዶ ሕክምና ሊደረግ ነው ተብሎ በድንገት አይቋረጥ። የማደንዘዣ ባለሙያው ስሙን ይወቅ፣ ሣጥኑን አሳዩት። የድብርት መድኃኒቱ ፍሎክሰቲን ከማስታገሻው ትራማዶል ጋር ሲወሰድ የሚያንቀጠቅጥና የሚጥል ችግር ሊያመጣ ስለሚችል ሐኪሙ ሁለቱን አብሮ ይመልከት። አሚትሪፕቲሊን የተባለውን ሌላ የድብርት መድኃኒት የሚወስድ ሰው አፉና ሆዱ ስለሚደርቅ ውኃና የሆድ ማለስለሻ ይታሰብለት።

5. እውነቱን መንገር፣ ፍርሃቱን መስማት

በብዙ ቤት ምርመራው ለልጆች ይነገርና ከታማሚው ይሸሸጋል። አባት «ትንሽ እብጠት ናት፣ ትወጣለች» ተብለው ሆስፒታል ይገባሉ። ምሥጢሩ የሚወጣው በካንሰር ክፍሉ ምልክት፣ በጎረቤት አልጋ ወይም ስምምነት ሲፈርሙ ነው፤ ያኔ ሕመሙ ብቻ ሳይሆን መታለሉም ያቆስላል። ቤተሰብ የሚሸሽገው ከፍቅር መሆኑ ይታወቃል። ግን ያልተነገረው ሰው ለምን እንደሚበላ፣ ለምን ሲጋራ እንደሚያቆም፣ ለምን በሁለተኛው ቀን በሕመም እንደሚራመድ አያውቅም።

አነጋገሩ እንዲህ ቢሆን ይቀላል። ጸጥ ባለ ቦታ፣ የሚያከብሩት አንድ ሰው ብቻ ኖሮ፣ መጀመሪያ ይጠየቁ፦ «አባባ፣ ስለ ሕመምዎ ምን ነገሩዎት? ሁሉን ቢያውቁ ይሻልዎታል ወይስ ለእኛ ይተዉታል?» ማወቅ የፈለገ ሰው በአጭር ቃል ይነገረው፣ ከዚያ ዝም ይባል። የሚለቀሰውም ያኔ ይለቀስ። ከሐኪሙ ጋር ሲገናኙ ጥያቄዎቹ በወረቀት ይያዙ፦ ምን ይወጣል? ሆድ ላይ የሰገራ መውጫና ከረጢት ይደረጋል ወይ፣ ለጊዜው ነው ወይስ ለዘለቄታው? ስንት ቀን እተኛለሁ? ከስንት ቀን በኋላ እበላለሁ? ጡቷ የሚወጣ ሴት የሚመጣውን አስቀድማ ትወቅ፣ ከተቻለም ያለፈችበትን ሴት ታግኝ።

«ካንሰር ቢላ ከነካው ይሰራጫል» የሚለው ፍርሃት ብዙ ሰው ከቀዶ ሕክምና ያስቀራል። ይህ እምነት የመጣው ብዙዎች ዘግይተው ስለሚሄዱ ነው፤ ሆድ ሲከፈት አስቀድሞ የተሰራጨ ይገኛል፣ ታማሚው ይሞታል፣ ቢላው ይወቀሳል። ይህን በግልጽ ማስረዳት «አትፍራ» ከማለት ይበልጣል። «ከማደንዘዣው ባልነቃስ?» የሚለውን ደግሞ የማደንዘዣ ባለሙያው ራሱ ይመልስ።

ጠያቂ በረከት ነው፣ ሲበዛ ግን ያደክማል። በቀን አንድ ሰዓት ይመደብ፤ እገሌም በዚሁ ሞተ የሚል ወሬ ያለው በር ላይ ይመለስ። ለስላሳና ስኳር ይዞ ለሚመጣ ዘመድ በግልጽ ንገሩት፤ እንቁላል፣ ወተት፣ ለውዝ ወይም የትራንስፖርት ብር ይሻላል። ከክፍለ ሀገር ለሚመጣ ታማሚ የማቴዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ድጋፍ ካለው ይጠየቅ።

6. ጾም፣ ጠበል፣ የባህል መድኃኒት፣ ጫት

የኦርቶዶክስ ታማሚ ከንስሐ አባቱ ጋር ይነጋገር። ለሕመምተኛ ፈቃድ ይሰጣል፤ ከአስታማሚ አፍ ሲመጣ የማይቀበለው ሰው ከንስሐ አባቱ ሲሰማ ልቡ ያርፋል። ፈቃዱን ያልፈለገ ደግሞ ከላይ ያለውን የጾም አጥሚት በቀን ሁለት ጊዜ ይውሰድ፤ ቢያንስ የጾሙን ሰዓት አይጠብቅ። ሙስሊም ታማሚም በረመዳን ከጾም የሚያርፍበት ሃይማኖታዊ ፈቃድ አለው።

ጠበል መሄድ የሚያጽናናው ሰው ይሂድ። ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ በኤችአይቪ ጊዜ ምእመናን ጠበሉን ከመድኃኒቱ ጋር እንዲወስዱ መክረው ነበር፤ ለዚህም ያው ይሠራል። ጉዳት የሚመጣው ባዶ ሆድ ብዙ ሊትር ተጠጥቶ ሲያስመልስ፣ ማስታገሻው ሲቋረጥ ወይም ቀጠሮው ሲያልፍ ነው። ኮሶና የማይታወቅ የተቀመመ ሥር ግን ጨርሶ አይወሰድ፤ ጉበትና ኩላሊት ሊጎዳ ይችላል። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል በወጥ ውስጥ ችግር የለባቸውም፤ በብዛት እንደ መድኃኒት መውሰድ ደም መርጋትን ሊያዘገይ ስለሚችል ከቀዶ ሕክምናው ሁለት ሳምንት በፊት ይቁም። የተወሰደው ሁሉ ለሐኪም ይነገር።

ጫት የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ የልብ ምትና የደም ግፊት ያነሳል፤ ሲጋራ ቁስልና ሳንባ ያበላሻል። ቢያንስ አራት ሳምንት ቀደም ብሎ ማቆም ነው። አልኮልም እንዲሁ፤ በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ ሰው ግን በድንገት ሲያቆም ስለሚንቀጠቀጥና ሊጥለው ስለሚችል በሐኪም ክትትል ያቁም።

7. በየቀኑ መንቀሳቀስና መተንፈስ

በቀን 30 ደቂቃ ይራመድ፤ ካቃተው አሥር አሥር ደቂቃ ሦስት ጊዜ። እጁን ሳይደገፍ ከወንበር መነሳትና መቀመጥ፣ አሥር ጊዜ፣ በቀን ሁለቴ። ያለ እንቅስቃሴ ከበላው ፕሮቲን ጡንቻ የሚሆነው ያነሰ ነው። ትንፋሽ በአፍንጫ እስከ አራት ቆጥሮ መሳብ፣ በአፍ እስከ ስድስት ቆጥሮ መልቀቅ፣ አምስት ደቂቃ፣ ጠዋትና ማታ። ይህ ጭንቀት ያረግባል፣ ለቀዶ ሕክምናውም ሳንባን ያለማምዳል። ቡና ከቀትር በኋላ ይቅር፤ ሌሊት የሚነቃ ሰው የሚያስበው ክፉውን ነው።

8. የመጨረሻው ቀን

ከማደንዘዣ ባለሙያው ትክክለኛ ሰዓት ተቀበሉ። የተለመደው መመሪያ ቀለል ያለ ምግብ እስከ 6 ሰዓት ሲቀረው፣ ቅባት የበዛበት ምግብ እስከ 8 ሰዓት ሲቀረው፣ ንጹሕ ውኃና ወተት የሌለው ሻይ ደግሞ እስከ 2 ሰዓት ሲቀረው ይፈቅዳል። አጥሚት፣ ወተትና የፍሬው ሥጋ ያለበት ወፍራም ጭማቂ እንደ ምግብ ይቆጠራሉ። ባለሙያው ከፈቀደ አራት የሾርባ ማንኪያ ስኳር በ400 ሚሊ ሊትር ቀጭን ሻይ ሁለት ሰዓት ሲቀረው ይጠጣል፤ ረሃቡንም ጭንቀቱንም ይቀንሳል። ስኳር ሕመም ላለበት፣ ጉሮሮው ወይም ጨጓራው ለተዘጋ ሰው ይህ አይሆንም።

በተግባር የሚያስቸግረው ወረፋው ሲገፋ ነው። ታማሚው ከማታ ጀምሮ ሳይቀምስ ይውልና ከሰዓት «ለነገ ተዛውሯል» ይባላል፤ እንደገና ይጾማል። የሚበላ ነገር ቀድሞ ይያዝ፤ አጥሚት ከሆነ ከእሳት ከወረደ ከሁለት ሰዓት በላይ ያልቆየ ይሁን፤ መዛወሩ እንደተነገረ ነርሷን «አሁን ይብላ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁና ወዲያው አብሉ። ማታም በደንብ ይብላ። በየሁለት ሰዓቱ ተራው የት እንደደረሰ መጠየቅ ነውር አይደለም።

9. ከወጣ በኋላ ባሉት ቀናት

ሐኪሙ እንደፈቀደ በጥቂት በጥቂቱ ይጀመር፤ አንጀት ድምፅ እስኪያሰማ ቀናት መጠበቅ ለብዙ ቀዶ ሕክምና አያስፈልግም፣ የጉሮሮ ቧንቧና የጨጓራ ቀዶ ሕክምና ግን የራሱ ሰዓት አለው። ትልቅ ሰው ሌሊት ቢቀባዥር፣ ሰው ባይለይ፣ ቱቦውን ቢነቅል ጋኔን አይደለም፤ ከኢንፌክሽን፣ ከመድኃኒት፣ ከውኃ ማነስ የሚመጣ መደናገር ነው፣ ለነርሷ ወዲያው ይነገር። መነጽሩ፣ የጆሮ መሣሪያው፣ የሚያውቀው ፊትና የቀን ብርሃን ይቅረቡለት። ሁለቱ ጥያቄዎች በሁለተኛው ሳምንት እንደገና ይጠየቁ፤ ከረጢት የተደረገለት ወይም ጡቷ የወጣ ታማሚ ብዙ ጊዜ የሚያዝነው ሆስፒታል ሳለ ሳይሆን ቤት ገብቶ ጠያቂው ሲቀንስ ነው። ሚዛኑም ቢያንስ ለሦስት ወር በየሳምንቱ ይቀጥል፤ በሁለት ተከታታይ ሳምንት ከቀነሰ ቀጠሮ ሳይጠብቅ ወደ ክሊኒኩ ይመለስ።